ስክሪን፣ ራዳርና የጎማ ሴንሰር በሞተር ሳይክል ላይ፦ ከሐዋሳ የአንድ ጥገና ባለሙያ ተሞክሮ

የክትባት ማቀዝቀዣዎችን የምጠግን ባለሙያ ነኝ። መኖሪያዬ ሐዋሳ ቢሆንም ሥራዬ የሚበዛው ከከተማው ውጭ፣ በሲዳማና በአጎራባች አካባቢዎች ባሉ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ስለሆነ የሥራ ጊዜዬን ብዙውን ክፍል የማሳልፈው በ150 ሲሲ ሞተር ላይ ነው። አንዳንድ ቀን በይርጋለም አድርጌ እስከ ዲላ በአስፋልት እሄዳለሁ፤ ሌላ ቀን ደግሞ በአለታ ወንዶ በኩል የሀገረ ሰላምን ዳገት እወጣለሁ። ከዋናው መንገድ ወጥቼ ስሙን ብቻ ወደማውቀው ቀበሌ በኮረኮንች የምገባበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። መንገድ የሚያሳይ ስክሪን፣ የፊትና የኋላ ካሜራ፣ የጎማ አየር ሴንሰርና የኋላ ራዳር በሞተሬ ላይ ያስገጠምኩት በዚህ ምክንያት ነው። ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፌ ሳለሁ አጠገቤ የሚቆሙ ሞተረኞች ዕቃውን እያዩ «ለመሆኑ ይጠቅማል?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው በቆመ ሞተር ላይ በሁለት ቃል የሚመለስ ስላልሆነ ያየሁትን በጽሑፍ ማስቀመጥ መረጥኩ።

እኔ ማንኛውንም በሞተር ላይ የሚገጠም መሣሪያ የምመዝነው በአንድ መለኪያ ነው፦ ዓይኔ ከመንገዱ የሚነሳበትን ጊዜ ያሳጥራል ወይስ ያስረዝማል? ካሳጠረ ገንዘብ ይገባዋል፤ ካስረዘመ በነጻ ቢሰጠኝም አልገጥመውም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ሁለት ሰከንድ ስክሪን ያየ ሰው 33 ሜትር መንገድ ሳያይ አልፏል ማለት ነው። በዲላ መንገድ 33 ሜትር ውስጥ ጥጃ ዘሎ ሊገባ፣ ባጃጅ ያለ ፍሬቻ ሊታጠፍ፣ ትናንት ያልነበረ ጉድጓድ ሊገጥም ይችላል። የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2013 ለመኪና ውስጥ መሣሪያዎች ባወጣው መመሪያ አሽከርካሪው መሣሪያውን በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰከንድ በላይ እንዲያይ የሚያስገድድ ሥራ በጉዞ ላይ እንዳይፈቀድ መክሯል። ይህ ግን የተጻፈው በአራት ጎማ ላይ ለተቀመጠ፣ ቢዘናጋም ለማይወድቅ ሰው ነው። ለሞተረኛ ከዚያ ማነስ አለበት፤ እኔ በአንድ እይታ የማይነበብ ነገር ስክሪኔ ላይ እንዲቆይ አልፈቅድም።

ስለ ስክሪኑ ከመግባቴ በፊት ስለ ገንዘቡ ቅደም ተከተል መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ጥሩ ስክሪን ገጥመው ቀበቶው የተበጠሰ ሄልሜት የሚያደርጉ ሰዎች አያለሁ፤ ይህም ያሳዝነኛል። በርካታ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረው ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናት መረብ ግምገማ ሄልሜት የሞተረኛን የሞት አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የትኛውም ስክሪን ወደዚህ ቁጥር አይቀርብም። ሄልሜት ስትገዙ የአገጭ ማሰሪያው ላይ የተሰፋውን ምልክት ፈልጉ፤ በክብ ውስጥ ያለ የላቲኑ «ኢ» ፊደልና የአገር ቁጥር፣ አጠገቡም በ05 ወይም በአዲሱ መስፈርት በ06 የሚጀምር የማረጋገጫ ቁጥር ይኖረዋል። ምልክቱ አስመስሎ ሊሠራ ስለሚችል በዚያ ብቻ አትመኑ። ማሰሪያውን አጥብቃችሁ ከኋላ በኩል ወደ ፊት ገፍታችሁ ለማውለቅ ሞክሩ፤ ከወለቀ መጠኑ የእናንተ አይደለም።

ከሄልሜት ቀጥሎ የሚመጣው ፍሬን ነው። ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ በሞተር ሳይክል ላይ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 በቢኤምደብሊው ኬ100 ላይ ሲሆን፣ ዛሬ ከቅንጦት ዕቃ ተራ ወጥቷል። የአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት መድን ተቋም ባደረገው ንጽጽር ኤቢኤስ ያላቸው ሞተሮች ገዳይ አደጋ የሚደርስባቸው መጠን ከሌላቸው በ22 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ ሞተሮች ሁሉ ግዴታ አድርጋዋለች። ሆኖም ይህ ግዴታ የሚመለከተው በአገሯ የሚሸጡትን ነው፤ እኛ አገር የሚገባው ያው ሞዴል ኤቢኤስ ላይኖረው ስለሚችል የሻጭን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትክፈሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከፊት ጎማ ዲስክ አጠገብ ቀዳዳ የበዛበት ቀጭን ቀለበትና ወደ እርሱ የሚሄድ ሽቦ ይታያል፤ ቁልፍ ሲከፈት የኤቢኤስ መብራት ይበራና ሞተሩ ጥቂት ሜትር እንደሄደ ይጠፋል። መብራቱ ጭራሽ ካልበራ ወይም እየሄዳችሁም ካልጠፋ ሥርዓቱ አይሠራም። በኮረኮንች ላይ ኤቢኤስ መቆሚያውን ርቀት ሊያስረዝም እንደሚችልም እወቁ፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ግን የፊት ጎማ ተቆልፎ ከመውደቅ የሚያድን ሌላ ነገር አላውቅም።

አሁን ወደ ስክሪኑ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚጀምረው ስልኩን በመሪው ላይ በማሰር ነው፤ ለአጭር መንገድም አይከፋም። ነገር ግን ስልክ ለዚህ ሥራ አልተሠራም። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ማሳሰቢያ የሞተር ሳይክል ኃይለኛ ንዝረት በመሪው በኩል ወደ ስልኩ ተላልፎ የካሜራውን ማረጋጊያ ሊጎዳ እንደሚችል ገልጾ፣ ስልክን በቀጥታ ማሰር እንደማይመከር አስታውቋል። ሁለተኛው ችግር ሙቀት ነው። ለአይፎን የተፈቀደው የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ ቀትር ላይ በፀሐይ ስር ካርታ ከፍቶ ቻርጅ እየተደረገ ያለ ስልክ ግን ከዚያ አልፎ ብርሃኑን በራሱ ይቀንሳል፤ ይህም የሚሆነው ልክ ብርሃኑን በምንፈልግበት ሰዓት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በመሪ ላይ የታሰረ ስልክ አደጋ ሲደርስ ከሞተሩ ጋር ይሄዳል። ስልኩ በጃኬቴ ኪስ ውስጥ ሆኖ ስክሪኑ መሪው ላይ ሲቀር፣ ብወድቅ እንኳ የምደውልበት ነገር አብሮኝ ነው። ስክሪን እንድገዛ የገፋፋኝ ትልቁ ምክንያት ይኸው ነበር።

በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የሞተር ስክሪኖች የራሳቸው ካርታ የላቸውም። በብሉቱዝና በዋይፋይ ከስልኩ ጋር ተገናኝተው የስልኩን ካርታ በስክሪን ላይ የሚያወጡትን ካርፕሌይን (ለአይፎን) ወይም አንድሮይድ አውቶን (ለአንድሮይድ ስልክ) ያሳያሉ። ካርፕሌይ እ.ኤ.አ. በ2014፣ አንድሮይድ አውቶ ደግሞ በ2015 ለመኪና ተብለው የወጡ ሲሆን፣ የሁለቱም ጥቅም ምስሉን ትልልቅ አድርገው፣ ጽሑፉን ቀንሰው ማቅረባቸው ነው። አንድሮይድ አውቶ በሁሉም አገር በይፋ ስላልተከፈተ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ ስልክ፣ በሻጩ ፊት አገናኙትና ካርታ ሲከፍት እዩ። በሻጩ ስልክ መሥራቱ ለእናንተ ማረጋገጫ አይሆንም።

ብርሃኑ የሚለካው በኒት ነው። ለእኛ ፀሐይ ከ1,000 ኒት በታች የሆነውን አልመክርም፤ ይሁን እንጂ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከማመን ይልቅ ስክሪኑን ይዞ ከሱቅ መውጣት ይሻላል። ቀትር ላይ፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጋችሁ፣ ስትነዱ የምታደርጉትን መነጽር አድርጋችሁ እዩት። አንዳንድ የፀሐይ መነጽሮች ነጸብራቅ የሚቀንሱ በመሆናቸው ስክሪኑን ከአንድ አቅጣጫ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ያደርጉታል፤ እኔ ራሴ በሱቅ ደጃፍ አንዱን ስክሪን ሩብ ዙር ሳዞረው ካርታው ከዓይኔ ሲጠፋ አይቼ ሌላ መርጫለሁ።

የሚገጠምበት ቦታ ከስክሪኑ ዓይነት ባልተናነሰ ወሳኝ ነው። በነዳጅ ጋኑ አቅራቢያ ዝቅ ብሎ የተገጠመ ስክሪን አንገት ያስቀልሳል፤ አንገት ሲቀለስ ደግሞ መንገዱ ጨርሶ ከእይታ ይወጣል። ስክሪኑ ከፍጥነት መለኪያው በላይ፣ በሁለቱ ስፖኪዮዎች መካከል፣ የዓይን ሽፋን ብቻ ዝቅ ሲል በሚታይበት ከፍታ ላይ መሆን አለበት። የዘይትና የፍሬቻ መብራቶችን እንዳይሸፍንም ተጠንቀቁ። መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙራችሁ ሽቦው እንደማይወጠር፣ የፍሪሲዮን ገመድም እንደማይነካ ካላያችሁ በቀር ሥራው አልቋል አትበሉ።

በመሄድ ላይ እያሉ ስክሪን መንካት ክልክል ነው፤ ይህን ለራሴ ሕግ አድርጌዋለሁ። መድረሻውን የማስገባው ሞተሩ ቆሞ ሳለ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ጠብታው ራሱ እንደ ጣት ስለሚቆጠር ካርታው በራሱ ይንሸራተታል፣ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ በዚያን ሰዓት ለማስተካከል መሞከር አደጋ መጥራት ነው። ከግራ እጀታው አጠገብ የሚታሰር ትንሽ የቁልፍ መቆጣጠሪያ ያለውን ስክሪን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ በጓንትም በዝናብም ይሠራል።

ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ ግን የማየው ሳይሆን የምሰማው ነው። በሄልሜት ውስጥ የሚቀመጥ የብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ «ከ200 ሜትር በኋላ ወደ ግራ» ሲለኝ ዓይኔ ከመንገዱ አይነሳም፤ ስክሪኑን የማየው ድምፁን ለማረጋገጥ ብቻ ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃው ሰው ስክሪኑን ትቶ የሄልሜቱን ድምፅ ማጉያ ቢገዛ እኔ እስማማለሁ። የሄልሜቱን ቅርፊት መብሳት ወይም የውስጥ አረፋውን መቆራረጥ ግን አይገባም፤ ማጉያው የሚገባው ለጆሮ በተተወው ክፍተት ነው። ድምፁንም የኋላ ተሽከርካሪ ክላክስ እስኪሰማ ድረስ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ስለ ካርታ አንድ ነገር ልጨምር። ከአስፋልት ስንወጣ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ኔትወርክ የሚፈልግ ካርታም አብሮ ይጠፋል። እኔ የምጠቀመው በጎ ፈቃደኞች በሚያዘጋጁት ነጻ ካርታ፣ በኦፕን ስትሪት ማፕ መረጃ ላይ የተሠሩትን ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ የተባሉ የስልክ መተግበሪያዎች ነው። ሁለቱም የአገሪቱን ካርታ ቀድሞ ለማውረድ ይፈቅዳሉ፤ በስክሪኑም ላይ ይከፈታሉ። የጤና ኬላው በካርታው ላይ ከሌለ መጀመሪያ በደረስኩበት ቀን ቦታውን ምልክት አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ መንገድ ለመጠየቅ በየዛፉ ጥላ ስር መቆም ይቀርልኛል።

የኤሌክትሪክ ሥራ ሙያዬ ስለሆነ በሽቦው ጉዳይ ትንሽ ልዘግይ፤ ከማየው ብልሽት አብዛኛው የሚመጣውም ከዚህ ነው። ስክሪኑን ለማስገጠም ስሄድ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን «ጋሼ፣ ከፊት መብራቱ ላይ ብንቀጥለው ይቀላል፤ ቁልፍ ሲዘጋም አብሮ ይጠፋል» አለኝ። «እስቲ ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርገህ ለካው» አልኩት። ሲለካው የፊት መብራቱ መስመር ከባትሪ የሚመጣ ሳይሆን ሞተሩ ራሱ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሆኖ ተገኘ። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ እንዲህ ነው፤ ስክሪን ከዚያ ላይ ቢቀጠል ሞተሩ ራፕ ሲያደርግ መቃጠሉ አይቀርም። ልጁ ልባም ስለነበር ወዲያው ገባው፤ ከዚያ በኋላ በእርሱ ዘንድ የሚገጠም ሁሉ አስቀድሞ እንደሚለካ ነግሮኛል።

ትክክለኛው አሠራር ዋናውን ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ ማምጣት፣ ከባትሪው እጅግ ሳይርቅ የ3 አምፔር ፊውዝ ማስገባትና በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ማለፍ ነው። ሪሌዩን የሚያነሳው ደግሞ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ መስመር ነው፤ ለምሳሌ የኋላ መብራቱ መስመር በባትሪ የሚሠራ መሆኑ ከተለካ በኋላ ለዚህ ያገለግላል። ቁልፍ ሲዘጋ ስክሪኑም ካሜራውም ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለባቸው። አንዳንዱ ካሜራ ሞተሩ ቆሞም እንዲቀርጽ ይደረጋል፤ ለመኪና ደህና ነው። የትንሽ ሞተር ባትሪ ግን 5 አምፔር ሰዓት ገደማ ብቻ ሊይዝ ይችላል፤ 0.3 አምፔር የሚበላ ካሜራ በ12 ሰዓት ውስጥ 3.6 አምፔር ሰዓት ይጨርሳል፤ ጠዋት ሞተሩ በቁልፍ አይነሳም። እንዲሁም ሞተሩ ተነስቶ ራፕ ሲደረግ የባትሪውን ቮልቴጅ ለኩ። ከ14 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ 15ን ካለፈ ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ሳይቀየር ምንም ዓይነት ኤሌክትሮኒክስ አትግጠሙ።

ውኃን በተመለከተ፣ ካርቶኑ ላይ «አይፒ67» የሚል ምልክት ካለ ዕቃው አቧራ የማያስገባና በአንድ ሜትር ጥልቀት ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ የሚቆይ ነው ማለት ነው። ለክረምት ዝናብ ይበቃል። ለላቫጆ ግን አይደለም፤ ከቅርብ የሚረጭ ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ ሌላ ፈተና ነው፤ ያንን ምልክቱ አያረጋግጥም። ሞተሬን ሳሳጥብ ስክሪኑን ከነማሰሪያው ነቅዬ አወጣለሁ፤ የቀረውንም የሽቦ ጫፍ በጎማ ክዳኑ እዘጋለሁ። ሞተሩን በከተማ ውስጥ ባቆምኩ ቁጥርም እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ያ ደግሞ ለሌባ ነው።

በምሽት ጉዞ የስክሪን ብርሃን ጠላት ነው። ዓይናችን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ደማቅ ነጭ ካርታ ግን በአፍታ ያንን ያበላሻል። በእኛ መንገዶች ላይ መብራትም አንጸባራቂም የሌለው ጋሪ፣ ወደ ቤት የሚመለስ ከብት፣ ጥቁር ጋቢ የለበሰ እግረኛ በሌሊት ይኖራል። ስለዚህ የስክሪኑ ብርሃን በራሱ የሚቀንስ፣ ካርታውም ወደ ጥቁር የሚለወጥ መሆኑን በቀን ሳይሆን ማታ ፈትሹ። የማታ ዝቅተኛው ብርሃን አሁንም የሚያንጸባርቅ ከሆነ ያ ስክሪን ለገጠር መንገድ አይሆንም፤ እኔ በጨለማ ማጥፋቱን እመርጣለሁ፤ ድምፁ ብቻውን ይመራኛል።

የጎማ አየር ሴንሰር ዋጋው ከሌሎቹ ያነሰ፣ ጥቅሙ ግን የላቀ ነው ብዬ አምናለሁ። በቫልቩ ጫፍ ላይ በክዳን ፈንታ ይጠመዘዝና የአየሩን መጠን በሬዲዮ ወደ ስክሪኑ ይልካል። መጀመሪያ ያስገጠምኩ ዕለት ጎሚስታው የኋላ ጎማዬን 28 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ሞላልኝ፤ ስክሪኑ ግን 25 አለ። «ጋሼ፣ የእኔ መለኪያ ትክክል ነው፤ እኒህ የቻይና ነገሮች ያሳስታሉ» አለኝ። መለኪያው ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ግን ሴንሰሩ መበላሸቱ አልነበረም። አንዳንድ ሴንሰሮች የሚለኩት አጠቃላይ ግፊትን ሲሆን፣ ከዚያ ላይ የሚቀንሱት በባሕር ወለል ላይ ያለውን የአየር ግፊት ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከዚያ ያንሳል፤ ልዩነቱም በፒኤስአይ 2.7 ያህል ይሆናል። ይህን ያላወቀ ሰው ስክሪኑ ትክክለኛውን ቁጥር እስኪያሳይ ድረስ ሲያስሞላ ጎማውን ከልክ በላይ ያደነድነዋል፤ የደነደነ ጎማ ደግሞ በእርጥብ መንገድ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከጎሚስታ መለኪያ ጋር አወዳድሩና ልዩነቱን መዝግባችሁ የማስጠንቀቂያውን ወሰን በዚያ ልክ አስተካክሉ።

ሌላው ሙቀት ነው። ጠዋት በ10 ዲግሪ ብርድ 28 የነበረው ጎማ ቀትር ላይ 40 ዲግሪ ሲደርስ 32 ያህል ማሳየቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ አየር ማስተንፈስ አያስፈልግም። መለካት ያለበት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። የውስጥ ከመነዳሪ ላላቸው ጎማዎች ሴንሰሩ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥም ማወቅ ይገባል፤ ሚስማር ከመነዳሪውን ከቀደደው አየሩ በቅጽበት ስለሚወጣ ማስጠንቀቂያው ብዙም አይቀድምም። በቫልቭ በኩል ቀስ እያለ የሚወጣውን አየር ግን ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ይነግረኛል፤ በኮረኮንች መንገድ ከሚደርሰው ችግር ብዙው ከዚህ የሚጀምር ነው። ቫልቩ የላስቲክ አንገት ያለው ከሆነ የሴንሰሩ ክብደት በጉዞ ላይ ስለሚያወዛውዘው በብረት አንገት ቫልቭ ማስቀየር ይመረጣል።

የኋላ ራዳር ላይ አስተያየቴ ሁለት ነው፤ ምክንያቱም በከተማና ከከተማ ውጭ ሁለት የተለያየ ዕቃ ይሆናል። ራዳሩ ከኋላ መብራቱ ስር ተገጥሞ ወደ ኋላ ሞገድ ይልካል፤ የሚቀርብ ተሽከርካሪ ሲያገኝ በዚያው ጎን ባለው ስፖኪዮ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ብርቱካናማ መብራት ያበራል። በሐዋሳ ውስጥ፣ በተለይ በፒያሳና በአቶቴ በኩል፣ ባጃጅ ከግራም ከቀኝም ስለማይጠፋ መብራቷ ሳታርፍ ትበራለች፤ ሁልጊዜ የሚበራ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ምንም እንደማይናገር ይቆጠራል። በከተማ ውስጥ የምተማመነው በስፖኪዮና አንገትን ዞር አድርጎ በማየት ነው።

ከከተማ ስወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከይርጋለም መገንጠያ አልፎ ባለው መንገድ ላይ አባዱላዎች ከኋላ በከፍተኛ ፍጥነት ይመጣሉ። ነፋሱ በሄልሜት ውስጥ ስለሚጮህ የሞተራቸው ድምፅ የሚሰማኝ አጠገቤ ሲደርሱ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ በፊቴ የሚሄደውን ጋሪ ለማለፍ ፍሬቻ አብርቼ ወደ ግራ ልወጣ ስል የግራዋ መብራት በራች፤ በስፖኪዮዬ ሳይ የነበረው መንገድ ባዶ ይመስል ነበር። መስመሬን ይዤ ቆየሁ። ወዲያው ከኩርባው የወጣ አባዱላ ነፋሱ መሪዬን እስኪገፋው ድረስ ተጠግቶኝ አለፈ። መብራቷ የምትታየኝ ስክሪን ሳላይ፣ በዓይኔ ጠርዝ በመሆኑ ለዚህ ዕቃ ያወጣሁት ገንዘብ አይቆጨኝም። ብረት ሞገዱን ስለሚያግድ ከኋላ የተጫነው የዕቃ ሳጥን ራዳሩን እንዳይሸፍን ማየት፣ በክረምትም የደረቀውንና እርጥቡን ጭቃ በየቆምንበት መጥረግ ያስፈልጋል። ከፊት ለሚመጣ አደጋ ይህ ራዳር ምንም አያደርግም። በፊትም በኋላም ራዳር ያለው የመጀመሪያው የገበያ ሞተር እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዱካቲ ሙልቲስትራዳ ቪ4 ሲሆን፣ እርሱ ፍጥነቱን ከፊቱ ካለው ተሽከርካሪ ጋር ያመሳስላል፤ ያ ከእኛ ሞተሮች አቅም ውጭ ነው።

ካሜራውን በተመለከተ፣ አደጋን አያስቀርም፤ ከአደጋ በኋላ ግን እውነቱን ይዞ ያቆያል። የፊትና የኋላው በአንድነት በሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ስለሚይዙ 128 ጊጋባይት ካርድ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ቀርጾ ከዚያ በአሮጌው ላይ ይደርባል። እዚህ ላይ ብዙዎች ሳያስተውሉት የሚቀር አንድ ቅንብር አለ። ካሜራው ግጭት የተሰማው ሲመስለው ያንን ቅጂ ቆልፎ እንዳይጠፋ ያደርጋል። በፋብሪካው ቅንብር ኮረኮንች ላይ ስንሄድ እያንዳንዱ ጉድጓድ ግጭት ስለሚመስለው ካርዱ በተቆለፉ ቅጂዎች ይሞላና መቅረጹን ያቆማል፤ አሽከርካሪው ግን እየቀረጸ ነው ብሎ ያምናል። የግጭት ስሜቱን ወደ ዝቅተኛው አውርዱት፤ ካርዱንም በየጊዜው ከፍታችሁ የመጨረሻው ቅጂ የዛሬው መሆኑን እዩ። ካርዱ በተደጋጋሚ እየተሰረዘ ለሚጻፍበት ሥራ የተሠራ ዓይነት ይሁን።

ስወጣ በቴሌግራም የቀጥታ አድራሻዬን ለስምንት ሰዓት ለሥራ ባልደረባዬ እልካለሁ። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ቢቆምም የመጨረሻው የታየሁበት ቦታ ይቀራል፤ ፈላጊ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። በስልኬ መቆለፊያ ገጽ ላይም የደም ዓይነቴና የባለቤቴ ስልክ ቁጥር ያለ ቁልፍ እንዲነበብ አድርጌያለሁ። ለዚህ ሁሉ ምንም ገንዘብ አይወጣም፤ ስክሪን መግዛት የማይችል ሰውም ዛሬውኑ ሊያደርገው ይችላል።

በፊት መስተዋታቸው ላይ ምስል ስለሚያሳዩ ሄልሜቶች የሚጠይቁኝ አሉ። ስከሊ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ከሕዝብ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ በ2016 እንደተዘጋ፣ ብዙ ከፋዮችም ሄልሜታቸውን ሳያገኙ እንደቀሩ ልብ ይባል። በእጃችሁ ይዛችሁ ላልሞከራችሁት ዕቃ ገንዘብ አስቀድማችሁ አትላኩ።

ለመግዛት የምትሄዱ ሰዎች ለሻጩ ልትጠይቁት የሚገባው የማሰሪያው ትርፍ ብሎን፣ የሽቦው ትርፍ ጫፍና የጎማ ሴንሰሩ ባትሪ ለብቻ መገኘት አለመገኘታቸውን ነው፤ በእኛ መንገድ ላይ ከስክሪኑ በፊት የሚያልቁት እነርሱ ናቸው። ብሎኖቹን ስታስሩ በንዝረት እንዳይላሉ የሚያደርገውን የብሎን ማጣበቂያ ተጠቀሙ፤ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ፣ ከዚያም በየዘይት ቅየራው፣ በቁልፍ እየነካችሁ እዩአቸው።